ከድጃን እስከ ማዶ ስሸኛት

ከጣና ዳር የተመለስሁ ዕለት ውሃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶች መንገድ ላይ ከበው «የት ድረስ ሸኘሻት?» አሉኝ። «እስከ ማዶ» አልኋቸው። «የቱ ማዶ?» ሲሉኝ መንገዴን ቀጠልሁ። ያን ጊዜ ጣልያን አገሩን ይዞ ነበርና ያየነውን ሁሉ በየምንጩ አናወራም ነበር። አሁን ሄዷል። እናንተም እስከ ዛሬ መጠየቁን አልተዋችሁም። ከዱርቤቴ ወጥታችሁ ባሕሩን የማታዩ ብዙ ናችሁና፣ እንዳየሁት እጽፍላችኋለሁ። ፊደል የለየሁት ወንድሜ ለድቁና ሲማር ከኋላው ሆኜ መሬት ላይ በእንጨት እየሞነጫጨርሁ ነው፤ ሆሄ ብስት ይቅር በሉኝ።

ከድጃን የምታስታውሷት ታስታውሷታላችሁ። የጨርቅ ነጋዴው ሚስት፣ ቤቷ ከቤቴ አጥር ለአጥር የነበረው። እሳት ሲጠፋባት ከእኔ፣ ወንፊት ሳጣ ከእሷ እየተዋዋስን ነው ልጆቻችንን ያሳደግነው። ጦርነቱ ሲመጣ ባሏ ወገኖቹ ወዳሉበት ወደ ወረታ ይዟት ሄደ። ከስንት ጊዜ በኋላ በዚያ ዓመት ለጥምቀት ሰሞን ልትጠይቀኝ መጣች። ስትመጣ መንገዱ ሰላም ነበር። ልትመለስ ስትነሣ ግን ሌላ ወሬ ደረሰን፦ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት፣ ባሕር ዳር አጠገብ ባለው መሻገሪያ፣ ጣልያን ዘበኛ አቁሟል፤ አንዲት ቅቤ ነጋዴ እዚያ ተይዛ የገባችበት አልታወቀም።

«ቆዪ እንግዲያ» አልኋት።

«እንዴት ብዬ ልቆይ? የበኩር ልጄ ወሯ ገብቷል። ‹አንቺ ሳትኖሪ አልወልድም› ብላኛለች።»

«ምጥ እናት ይጠብቃል እንዴ?»

«እሱ አይጠብቅም። ለዚያ ነው የምሄደው።»

መሻገሯን በዓይኔ ሳላይ እንደማልመለስ በልቤ ቆረጥሁ። ለእሷ ግን አልነገርኋትም፤ ብነግራት ከደጅ አታሳልፈኝም። ባለቤቴ ብቻ ጋቢዬን ስደርብ አየና «የት ድረስ ነው የምትሸኛት?» አለኝ።

«እስኪበቃኝ።»

«አውቅሻለሁ፤ ስንቅ ያዢ» አለኝና ዳቦ ቆሎውን ራሱ ቋጠረልኝ።

ረቡዕ

ጤዛው ሳይደርቅ ወጣን። ለአራሷ የሚሆን የገብስ ዱቄት እሷ ተሸከመች፤ እኔ አንድ ቅል ቅቤ በጀርባዬ አዘልሁ።

የመሸኘትን ወግ ታውቁታላችሁ። እንግዳዋ «ይበቃሻል፣ ተመለሺ» ትላለች፤ ሸኚዋ «እስከዚያች ዛፍ» ትላለች፤ ከዛፏ ሥር እንደገና ይጀመራል። እኛም ከሾላዋ ሥር ጀመርነው።

«በይ ይበቃሻል፣ ተመለሺ።»

«ቅቤውን ማን ሊሸከምልሽ? እስከ ጉብታው።»

ጉብታው ላይ «እስከ ወንዙ» አልሁ። ግልገል ዓባይ ስንደርስ ውሃው እስከ ጉልበት ነበርና ቀሚሳችንን ሰብስበን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን ገባን። ከማዶ ወጥተን እግራችንን ስናራግፍ ከድጃ ቆም ብላ አየችኝ።

«አንቺ፣ ወንዙን ተሻገርሽ እኮ! ሰው እስከ ወንዝ ይሸኛል እንጂ ወንዝ ይሻገራል?»

«ሳላስተውል ነው» አልሁ።

«ሳታስተውይ! ቀሚስሽን እስከ ጭንሽ ሰብስበሽ ሳታስተውይ!» ብላ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ድንገት አቆመች። «እስከ መሻገሪያው ልትመጪ ነው አይደል?»

«ነው።»

«እዚያ ሰው ይታሰራል።»

«ሁለት ስንሆን ለማሰር ይከብዳቸዋል» አልኋት። ምን ማለቴ እንደ ነበር እኔም አላውቅም።

መንገደኛው ሁሉ ያው ጥያቄ ነበረው፦ «ማን ሞቶ ነው?» «ሠርግ ነው?» «ስለት ነው?» እኔም «ልሸኛት ነው» እላለሁ። «ከየት?» «ከዱርቤቴ።» አንዱ ሽማግሌ በቅሏቸውን አቁመው «ልጄ፣ ይኸ መሸኘት አይደለም፣ አብሮ መኮብለል ነው» አሉኝ።

ማታ ከመራዊ ወዲህ ባለች መንደር አንዲት ሴት አሳደረችን። ባሏ ዱር መግባቱን በሹክሹክታ ነገረችን፤ ከዚያ ወዲያ እኛም አልጠየቅናት፣ እሷም አልጠየቀችን። ከድጃ እኛ ያረድነውን እንደማትበላ ታውቃለችና ለእሷ ወተት አሞቀች፤ ለእኔ የረቡዕ ሽሮ አቀረበች። አንዱን መደብ ለቀቀችልን፤ ከመደቡ ጋር ግን ቁንጫውንም ለቀቀችብን። የእኛ አገር ቁንጫ እንግዳ ያከብራል፣ ተራውን ጠብቆ ይነክሳል። የዚያ መንደሩ እንደ ዘመቻ ነው የመጣብን። ጠዋት ልንሰናበታት ስንል ነጠላዋን ደርባ እስከ በሯ፣ ከበሯ እስከ አጥሯ፣ ከአጥሯ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ተከተለችን። ሸኚን የሚሸኝ ያን ቀን አየሁ።

ሐሙስ

ከመራዊ ወዲያ የመኪና መንገድ ላይ ወጣን። የእኛ መንገድ ሰው ቤት እየጠየቀ፣ ምንጭ እየጎበኘ ይጠማዘዛል። የጣልያን መንገድ ማንንም አይጠይቅም፤ የሰው እርሻ እያቋረጠ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ካሚዮን ባለፈ ቁጥር አቧራ ያለብሰናል፤ ከድጃ ቅንድቧ ነጥቶ አሮጊት መሰለችና ሳቅሁባት። «አንቺም ራስሽን አላየሽም» አለችኝ።

ቆላ ቆላ እያለ ሲሄድ ጀርባዬን አንድ ነገር ይልሰኝ ጀመር። ላብ መስሎኝ ዝም አልሁ። ኋላ ከድጃ ከኋላዬ መጥታ ጮኸች፦ «ቅቤው! አንቺ ሴት፣ ቅቤው አለቀ!» በእኛ ዘንድ የጥር ቅቤ በቢላዋ ነው የሚቆረጠው። እዚያ ግን ቀልጦ በክዳኑ እየተንጠባጠበ ከትከሻዬ እስከ ወገቤ ወርዷል። ግማሹ ብቻ ቀረ። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ከድጃ ግን «ቅቤ ለአራስ ብቻ ነው ያለሽ ማን ነው?» ብላ ከጀርባዬ በጣቷ እየጠረገች ጠጉሬን ቀባችኝ፤ የተረፈውን ራሷን ቀባች።

በጣልያን ካምፕ በኩል ላለማለፍ ከመኪናው መንገድ ወጣንና በሰባታሚት እርሻ መሐል አቋርጠን፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ባሕሩ ዳር ደረስን።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? እኛ የምናውቀው ውሃ ሁሉ የሚሄድ ነው፤ ምንጩም ወንዙም ሥራ እንዳለበት ሰው ይቸኩላል። ይኸኛው የተቀመጠ ውሃ ነው። «ማዶው የታል?» ብዬ ጠየቅሁ። ከድጃ «የለውም» አለችኝ። ማዶ የሌለው ውሃ አላምንም ብዬ ብዙ ፈለግሁ። ባሕር ዳር ራሷ ያን ጊዜ ትንሽ ነበረች፦ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን፣ በዙሪያው የሣር ቤቶች፣ ወዲያ የጣልያን ድንኳንና ቆርቆሮ፣ በየቦታው ትልልቅ ዋርካ።

መሻገሪያው ባሕሩ ጠቦ ዓባይ ሆኖ በሚሄድበት ነው። ድልድይ የለውም፤ ሰው በደንገል ታንኳ ነው የሚሻገር። ደንገል ማለት እኛ ፊላ የምንለውን የሚመስል፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ውሃ ላይ የሚበቅል ሣር ነው፤ እሱን አስረው ጀልባ ያደርጉታል። ታንኳዎቹ ሁሉ ግን ወደ ደረቅ ወጥተው ተደፍተዋል። ከዋርካ ሥር አንድ ጠመንጃ የያዘ ባንዳ ተቀምጧል።

«ወዴት ናችሁ?»

አነጋገሩ የእኛው የሜጫ ነው። የአገሬ ሰው ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ ደስታውም አሳሳተኝ። «እህቴ ልትሻገር ነው፤ ልሸኛት መጣሁ» አልሁት። እኛ ማንን እህቴ አንልም? ሊጥ ያዋሰችን ሁሉ እህታችን ናት። እሱ ግን አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ፣ ከዚያም የከድጃን ባዶ አንገት አየ።

«የእናትሽ ስም ማን ይባላል?»

«አትጠገብ።»

«ያንቺስ?»

«ሀሊማ» አለች ከድጃ።

«ያባትሽ?» አለኝ፤ ነገርሁት። «ያንቺ?» አላት፤ ይኸም ተለያየ። ባሕሩ ዳር የተቀመጡት ሁሉ ይስቁ ጀመር። ከባንዳው ፊት ግን ሳቅ የለም። «አንዷ ክርስቲያን፣ አንዷ እስላም፤ እናት ለየቅል፣ አባት ለየቅል፣ እህትማማች! ከመነሻው የዋሸ ሰው ለሽፍታ ምን ይዞ እንደሚሻገር አውቃለሁ። የጣልያኑ ሹም ቅዳሜ ይመጣል፤ እሱ ይጠይቃችሁ። እስከዚያ ከዓይኔ እንዳትርቁ።»

«ልጄ ልትወልድብኝ ነው፣ ወንድሜ» አለችው ከድጃ።

«ወንድሜም አትበይኝ፤ ኋላ የእኔንም እናት ስም ትጠየቂያለሽ» አላት።

ታንኳ ሠሪው አያ ሰይድ ይህን ሁሉ ሰምተዋል። ቤታቸው ከመሻገሪያው በላይ፣ ባንዳው ከሚያየው ቦታ ነው። «እኔ ዘንድ ይደሩ፤ ከዓይንህም አይርቁ» አሉትና ይዘውን ገቡ።

ዓርብ

በሕይወቴ ሥራ ፈትቼ የዋልሁት ይኸ አንድ ቀን ብቻ ነው። ጠዋት ተነሥቼ እጄን የማደርግበት አጣሁ። መጥረጊያ ሳነሣ የአያ ሰይድ ባለቤት እትዬ ዘሃራ ቀሙኝ። እንስራ ሳነሣ ከድጃ ቀማችኝ።

«ተቀመጭ! ዛሬ እንግዳ ነሽ።»

«እንግዳስ አንቺ ነሽ፤ እኔ ሸኚ ነኝ።»

«ሸኚም ቁጭ ማለት ይችላል። ባሕር ላሳይሽ ነይ።»

ባሕሩን ዳር ዳሩን ሄድን፤ ባንዳው በሩቁ አንገቱን እየመዘዘ ይከተለናል። ሻላ የሚባለውን ወፍ አየሁ፤ ከመንቁሩ በታች ስልቻ አንጠልጥሎ እንደ ገበያተኛ ይንሳፈፋል። የጉማሬ ጆሮም አየሁ፤ ጆሮ ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ሌላውን ይሰስታል። የጣልያን ሞተር ጀልባ እያጓራ ሲያልፍ ሻላዎቹ ተነሡ፤ ከሄደ በኋላ ተመልሰው እዚያው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። ከድጃ ያን አይታ «አየሻቸው? ቦታቸውን አልለቀቁም» አለች።

ከጥላ ሥር ተቀምጠን ቅቤ የጠጣውን ጠጉሬን ሹሩባ ትሠራኝ ጀመር። ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ሞተው፣ ስላገባው ሁሉ አወራን። ጣቷ ግን አልፎ አልፎ ጠጉሬ ላይ ይቆማል። ዞሬ ሳያት ማዶውን ታያለች። ከቅርብ ያለው ማዶ፣ የዓባዩ ማዶ፣ ሰው ቢጣራ የሚሰማበት ነው። እዚያ ላይ አንዲት ላም ትግጣለች። «ያቺ ላም እንኳ ተሻግራ» አለች በመጨረሻ።

«ትሻገሪያለሽ።»

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነ እዚሁ ቤት እንሠራለን። አንቺ ዓሣ ትሸጫለሽ፣ እኔ ጠላ እጠምቃለሁ፤ ባንዳው ይጠጣና ይተኛል፣ ያን ጊዜ ትሻገሪያለሽ።»

ሳቀች። ሹሩባውን ግን አጥብቃ ጎተተችው፤ ሦስት ቀን አመመኝ።

ወደ ቀትር ወንዶቹ ለጁምዓ ሄዱ። ከቤቱ የሚጠበስ አምባዛ ዓሣ ሽታ ይመጣል። ለእኔ ዓርብ ጾም ነው፣ እኛ ደግሞ በጾም ዓሣም አንቀምስም። እንዴት አድርጌ እምቢ እንደምል ሳስብ እትዬ ዘሃራ ሌላ ድስት ይዘው መጡ። ባቄላ ንፍሮ ነበረበት።

«ይኸ ድስት አዲስ ነው» አሉኝ። «ለልጄ ሠርግ ያስቀመጥሁት ነበር። ሥጋም ዓሣም አያውቅም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ትበዪዋለሽ፤ እስከዚያ እከድነዋለሁ።»

«እትዬ፣ ለሠርግ ያስቀመጡትን?»

«ድስት እኮ ነው። ሠርጉ ሌላ ድስት ያገኛል።»

በሌላ ሰው ቤት ጾሜን እኔ ከማውቀው በላይ ሲያውቁልኝ ምን እላለሁ? ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እሳቸው ራሳቸው ጥላውን አይተው «ደረሰ» አሉኝ። ንፍሮውን አብረን በላን፤ እሳቸውም ዓሣቸውን ትተው ከእኔ ድስት ቆነጠሩ።

ቅዳሜ

ጠዋት ባንዳው ከዋርካው ሥር ሳይነሣ «ሹሙ ዛሬ አይመጣም። ምናልባት ሰኞ፣ ምናልባትም ከዚያ ወዲያ» አለን።

ከድጃ ወደ እኔ ዞረች። «እንግዲህ አንቺ ተመለሺ። ባልሽ ብቻውን ነው። እኔ ሹሙን እዚሁ እጠብቃለሁ።»

«አልመለስም።»

«ትመለሻለሽ!»

«ሳትሻገሪ አልመለስም አልሁሽ!»

«ድሮም ግትር ነሽ! አጥሩን እንኳ በአንድ ክንድ ወደ እኔ ገፍተሽ ‹አልገፋሁም› ያልሽ ሴት ነሽ!»

«አጥሩን የገፋው በሬው ነው! ስንት ጊዜ ልንገርሽ?»

«በሬው የማን ነበር?»

ድምፃችን ከፍ እያለ ሄዶ ታንኳ ሠሪው፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ልብስ የሚያጥበው ሁሉ ተሰበሰበ። ባንዳው ተነሥቶ መጣ።

«ምንድን ነው የምትጨቃጨቁት?»

«ተመለሺ እያለችኝ ነው!» አልሁት።

«ታዲያ ለምን አትመለሽም?»

«ስሸኛት ነዋ! ሰው ሸኝቶ ሳይጨርስ ይመለሳል?»

«እውነትም ከዱርቤቴ ነው የመጣሽው?»

«ከዱርቤቴ።»

«ሴትዮ፣ ሰው እኮ የሚሸኘው እስከ ወንዝ ነው።»

«ይኸው ወንዝ!» ብዬ ዓባይን በጣቴ አሳየሁት።

ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ አያ ሰይድ እንኳ አፋቸውን በፎጣቸው ያዙ። ባንዳው ሊስቅ ሲል ያዘውና ጠመንጃውን አስተካከለ። ያን ጊዜ ነው አፌ ያመለጠኝ።

«አንተስ? ከቤትህ ወጥተህ ወደዚህ ስትመጣ የሸኘህ ሰው አልነበረም?»

ሳቁ ቆመ። አያ ሰይድ በዓይናቸው «ዝም በይ» አሉኝ፤ ግን ከአፍ ወጥቷል። ባንዳው ውሃውን አየ። ከድጃ እጄን ያዘችኝ።

«ጋቢሽን አውልቂ» አለኝ።

አወለቅሁ። ተቀብሎ ክንዱ ላይ ደረበው።

«ይኸ መያዣ ነው። እስከ ማዶ ሸኝተሻት ትመለሻለሽ። ባትመለሽ ታንኳውን አቃጥላለሁ። ሰይድ፣ ቶሎ!»

እትዬ ዘሃራ ግን «ሳትበዪ አልለቅሽም» አሉ። ቅዳሜ ነበርና የተጠበሰ ቀረሶ ዓሣ በእጃቸው አጎረሱኝ፤ እሾሁን እየተፋሁ ነው ታንኳው ላይ የወጣሁት። ደንገሉ ከሥሬ ውሃ ያስገባል፤ ቀሚሴ ወዲያው ራሰ። እኔ «ጊዮርጊስ! ጊዮርጊስ!» እላለሁ፤ ከድጃ «አትወዝውዢው!» ትላለች፤ አያ ሰይድ ቆመው መቅዘፊያቸውን ይገፋሉ፣ ሁለታችንንም አይሰሙም።

ማዶ ደረስን። ከድጃ ዱቄቷንና የቅቤውን ቅል ይዛ ወረደች። መሬቱን ረገጠች። እኔ ከታንኳው ሳልወርድ አየኋት፤ ተሻገረች፤ በዓይኔ አየሁ። ልጇን ደርሳባታለች። ሴት ልጅ ነው የተገላገለችው፤ ወሬውን አንድ የወረታ ነጋዴ ለዐቢይ ጾም መያዣ ነው ያመጣልኝ። ያን ቀን ግን አላወቅንም ነበር።

ከድጃ ዕቃዋን ሣር ላይ አስቀመጠችና ወደ ውሃው ተመልሳ ገባች።

«ምን ልትሠሪ ነው?»

«ይኸ የእኔ አገር ነው። አሁን እንግዳዋ አንቺ ነሽ፤ ልሸኝሽ።»

አያ ሰይድ ሲቀዝፉ እሷ የታንኳውን ጫፍ እየገፋች ተከተለችን። ውሃው ጉልበቷ ደረሰ።

«ይበቃሻል፣ ተመለሺ» አልኋት።

«እስከዚያች ደንገል።»

ደንገሏን አለፈች። ውሃው ወገቧ ሲደርስ አያ ሰይድ «ልጄ፣ ከዚህ ወዲያ ጥልቅ ነው» አሏት። ያን ጊዜ ጫፉን ለቀቀች። እጇን አላነሣችም፣ አልጮኸችም፤ እዚያው ውሃ ውስጥ ቆማ ቀረች። ወዲህ ማዶ እስክደርስ ቆማ ነበር።

ባንዳው ከዋርካው ሥር ተቀምጧል፤ ጋቢዬ ታጥፎ ጭኑ ላይ ነው። ሰጠኝ። አመስግኜ፣ እነ አያ ሰይድን ተሰናብቼ የሰባታሚትን መንገድ ያዝሁ። ጥቂት እንደ ሄድሁ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ዞር ብል እሱ ነው፣ ጠመንጃውን ተሸክሞ። ሊይዘኝ ነው ብዬ ፈጠን አልሁ፤ እሱም ፈጠን አለ። ቀስ አልሁ፤ ቀስ አለ። እንዲህ ሆነን ከእርሻው ጫፍ ያለችው ትልቋ ዋርካ ሥር ደረስን፤ እዚያ ቆመ።

«በይ፣ ደህና ግቢ» አለኝ።

ገባኝ። ጋቢዬን አጠበቅሁ። ወጉ ነውና እኔም እንደሚባለው አልሁት፦

«ይበቃሃል፣ ወንድሜ፤ ተመለስ።»

ወንድሜ ስለው ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ፤ ከዚያ የእግሩን ድምፅ ሰማሁ። ወደ መሻገሪያው ይሁን ወደ ቤቱ፣ ዞሬ አላየሁም።